የውዱእ ውሃ የጠጣው ማሳ

ወንድሜ ሃያ ሁለት ዓመት የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ሰፈሩ «ጠብታ» እያለ ይጠራዋል። ስሙን ያወጣችለት ሚስቱ ናት፤ ያውም በሠርጋቸው ቀን። ሙሽራው ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ለብሶ ከእንግዳው መሃል ድንገት ብድግ አለና ጠፋ። ሽማግሌዎቹ ደነገጡ፤ እኔም «ሐሳቡን ቀየረ እንዴ?» ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። ስንፈልገው ከአዳራሹ ጀርባ ካለው መታጠቢያ ቤት ተንበርክኮ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ሲያጠብቅ አገኘነው። «ሁለት ደቂቃ ብቻ! ይሄ እየፈሰሰ እንዴት ምግብ ይወርድልኛል?» አለን። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠብታ ሆኖ ቀረ።

እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። አሁን እሱ የሚያበቅለውን ገበያ አውጥቼ የምሸጠው እኔ ነኝ። ስለዚህ ስለ እሱ ሳወራ ግማሹ ፍቅር፣ ግማሹ ብስጭት ነው፤ ሰሚው እንደሚመቸው ይለየው።

ማሳው ከመስጂዱ ጀርባ ነው። ድሮ አንድ ደግ ሰው አይሸጥ አይለወጥ፣ ጥቅሙ ለተቸገረ ይሁን ብሎ ወቅፍ ያደረገው ቦታ ነው። ነገር ግን ያ ቦታ ለብዙ ዘመን ያፈራው የዛገ ቆርቆሮ፣ የተሰባበረ ብሎኬትና ድመት ብቻ ነበር። ወንድሜ ጉልበቱ መታመም በጀመረበት ዕድሜ፣ ሰው ሊያርፍ ሲያስብ እሱ የመስጂዱን ኮሚቴ «ቦታውን ስጡኝና ልረሰው፤ ከሚወጣው ከአምስት አንዱን ወላጅ ለሌላቸው የቲሞችና ባል ለሞተባቸው ቤት አደርሳለሁ» አለ።

«ምን አገባህ ከእርሻ?» አልኩት ያን ጊዜ።

«ሃያ ሁለት ዓመት ውሃን ሰው ቤት አስገብቼ ወደ ፍሳሽ ስሸኘው ኖርኩ» አለኝ። «አንድ ቀን እንኳ ቁም ነገር ሲሠራ አላየሁትም።»

የኮሚቴው ሰብሳቢ ሲሚንቶ ነጋዴ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ብቻ እሳቸው ዘንድ መሬት ካልተለሰነ መሬት አይባልም። ሐሳባቸው ቦታውን መኪና ማቆሚያ አድርጎ ማከራየትና ኪራዩን ለድሆች መስጠት ነበር። «መኪና ውሃ አይጠጣም፣ ትል አይበላውም» ይሉ ነበር። ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ ለወንድሜ ሦስት ዓመት ሰጡት። በሦስተኛው ዓመት ዝናቡ ሊገባ ሲል ኮሚቴው መጥቶ ያያል፤ ለምለም ከሆነ ይቀጥላል፣ ደርቆ ካገኙት መኪና ማቆሚያ ይሆናል። ወንድሜም የሙያ ዕቃውን ከአንድ ሁለት መፍቻ በቀር ለሌላ ቧንቧ ሠራተኛ አስረክቦ ገባበት። መመለሻ አላስቀረም።

አስተራረሱ ለብቻው ነው። ገበያ ሲበተን የተጣለ የጎመን ቅጠልና ልጣጭ እየለቀመ ይቆልልና ብስባሽ ያደርገዋል። መርዝ አይረጭም፤ በቲማቲሙ መሃል ሽንኩርት እየሰገሰገ በሽንኩርቱ ሽታ ትሉን ያባርረዋል። በአጥሩ ዙሪያ ያለውን መስመር ለወፍ ትቶታል። «የተከልከውን ወፍም ብትበላው ሰደቃ ነው፤ ምጽዋት ነው» ይላል። ይሁን፤ የሃይማኖት ነገር ነውና አልከራከርም። ግን ወፎቹ ሰደቃ ተቀባይ መሆናቸው ቀርቶ ባለ አክሲዮን ሆነው ነበር። ጠዋት ጠዋት ተሰብስበው ሲጮሁ ስብሰባ የተቀመጡ ይመስሉኛል።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን የአሻሻጡ ነገር ነው። ሌላው ነጋዴ በሳጥኑ ላይ ያማረውን ከላይ፣ የደከመውን ከስር ያደርጋል። ወንድሜ ደግሞ ገልብጦታል፤ የተሰነጠቀው፣ የተጠረጠረው፣ ፀሐይ የመታው ሁሉ ከላይ እንዲሆን ያዛል። ደንበኛ መጥቶ አንዴ ያያል፣ «ከላዩ እንዲህ ከሆነ የስሩማ ጉድ ነው» ብሎ ያልፋል።

«ጋሼ» እለዋለሁ፣ «መዋሸት እኮ አይደለም። ፊቷን ታጥባ የወጣች ሴት ዋሸች ይባላል?»

«ገዢው ቤቱ ሄዶ ሲያራግፈው ይደሰት እንጂ አይዘን» ይላል፤ አለቀ። የመጀመሪያውን ዓመት ግማሹን ዕቃ ይዤ እየተመለስኩ ጨረስኩት። በሁለተኛው ዓመት ግን ሰው ገባው። «ያቺ መጥፎውን ከላይ የምታደርገዋ» እያሉ ከሩቅ መጠየቅ ጀመሩ። ጊዜ የሌለው ሰው ሳያይ ገዝቶ ይሄድ ጀመር። ያም ሆኖ እጄ ያኔም ሲያስተካክል ያማረውን ወደ ላይ ማድረግ ያምረው ነበር። ዓመል ነው።

በሦስተኛው ዓመት ማሳው የሚጠጣበት የውሃ ጉድጓድ ከዳን። ወንድሜ ገመዱን ሦስት ጊዜ ቀጠለው። መጀመሪያ ባልዲው ውሃውን ሲነካ የሚሰማው ድምፅ ራቀ፣ ቀጥሎ ባልዲው በግማሽ መጣ፣ በመጨረሻ ጭቃ ይዞ መጣ። ኮሚቴው ሊመጣ ሁለት ወር ቀርቶታል። ከፊት ለፊት ቲማቲሙ፣ ከመሃል ቃሪያውና ጎመኑ፣ ከኋላ ግድግዳውን ተጠልለው አራት መቶ የሎሚ፣ የፓፓያና የዘይቱን ችግኞች አሉ። ችግኞቹን ከፍሬ ጀምሮ እንደ ሕፃን ያሳደጋቸው ናቸው፤ ዝናብ ሲገባ የሚሸጡት እነሱ ናቸው። ሁሉም ይጠማል፤ ውሃ የለም። የወንድሜ ሚስት ቤት ውስጥ ዕቃ ያለቀለቀችበትን በጎድጓዳ ሳህን እየያዘች መመላለስ ጀመረች። ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነ እንጂ።

አንድ ጁምዓ ሶላት ካበቃ በኋላ በሴቶች በር በኩል ወጥቼ ወንድሜን ብጠብቀው ብጠብቀው አልመጣም። ሄጄ ባይ ሰው ሁሉ ከሄደበት፣ ለሶላት ከሚታጠቡበት የውዱእ ቦታ፣ ከድንጋይ መቀመጫዎቹ በአንዱ ላይ ተቀምጦ አንገቱን አዘንብሏል። የታመመ መሰለኝ።

«ምን ሆንክ?»

«እያዳመጥኩ ነው» አለኝ። ከስሩ በሲሚንቶ በተለሰነው ቦይ የመጨረሻው ውሃ ወደ ፍሳሹ እየተንቆረቆረ ነበር። «ሃያ አራት ቧንቧ ነው። በቀን አምስት ጊዜ። ሳሙና እንኳ የለበትም።»

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይላል ሰው። ወንድሜ ሊያፍሰው ነው።

ኢማሙን ጠየቃቸው። ኢማሙ ዝግ ያሉ፣ ነገር ሳያላምጡ የማይውጡ ሰው ናቸው። «የመጸዳጃ ቤቱ መስመር ሌላ ነው?» አሉት። «ሌላ ነው፤ የዘረጋሁት እኔው ነኝ» አለ። «እንግዲያው ሰው ፊቱንና እጁን የታጠበበት ውሃ ንጹሕ ነው። ለሁለተኛ ውዱእ አይሆንም እንጂ ለዛፍ ምን ገዶት» አሉ። ወንድሜ በሁለት ቀን አጥሩን በስር በስቶ ቱቦ አሳለፈ። ውሃው መጀመሪያ ጠጠር ባለበት በርሜል፣ ቀጥሎ አሸዋ ባለበት በርሜል እያለፈ ከሦስተኛው ገብቶ ይጠራቀማል። በሚቀጥለው ጁምዓ ኢማሙ ለሰው ተናገሩ፦ «ከዛሬ ጀምሮ የምትታጠቡበትን ውሃ ከአጥሩ ወዲያ ያለው አትክልት ይጠጣዋል። ከዚያ ሰውም ወፍም ይበላል። ከክንዳችሁ የወደቀው እንኳ ሰደቃ ሆነላችሁ።»

ጥፋቱ እዚህ ላይ ተጀመረ። ኢማሙ አላጠፉም፣ ሰዉም ክፉ አላሰበም። ሰው ደግ ሲሆን ልክ አያውቅም እንጂ።

ጡረታ የወጡ አንድ ሻለቃ አሉ። ታጥበው ከጨረሱ በኋላ ቧንቧውን ሳይዘጉ ቆመው፣ «ይቺ ለቃሪያዋ... ይቺ ደግሞ ለጎመኗ» ማለት ጀመሩ። ቤቱ ውዱእ አድርጎ የመጣ ሰው እንደገና ይታጠባል። ዳቦ ቤት የሚሠራው ጎረምሳ ሥራ ቦታው የራሱ ቧንቧ እያለው ሁለት መንገድ አቋርጦ እኛ ጋ መጥቶ ይታጠብ ጀመር። በሴቶቹ በኩልም ያው ነው። አንድ ቀን ቧንቧዬን ልዘጋ ስል ከጎኔ ያለች ልብስ ሰፊ እጄን ይዛ፣ «እህትዬ፣ ምነው ጨከንሽ፣ ትንሽ ይጠጣ እንጂ ቲማቲሙ» አለችኝ። እኔም ከፈትኩት። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነው የከፈትኩት።

ማሳው ጫካ ሆነ። በርሜሉ ሞልቶ ፈሰሰ። ቲማቲሙ ድጋፉን ሰብሮ ተንጋለለ፤ ሰው አላፊ አግዳሚው በአጥሩ ቀዳዳ እያየ «ማሻአላህ» ይላል። ሲሚንቶ ነጋዴው ራሳቸው አንድ ቀን ብቅ ብለው አገጫቸውን እያሻሹ ሄዱ። እኔ በልቤ ለማሳው አሥር ዓመት ጨምሬ ቆጥሬያለሁ። ወንድሜ ግን ፊቱ አልፈታ አለ።

«መስጂዱ ሰው ጨመረ እንዴ?» አለኝ።

«ያው ነው።»

«ውሃው ግን እጥፍ ሆኗል።» ቧንቧ ሠራተኛን ውሃ አይዋሸውም። በማግስቱ ከሰዓት ካለው የአስር ሶላት በፊት የመስጂዱ ጣራ ላይ ያለውን ታንከር ሊያይ በጀርባው ደረጃ ወጣ። ሲመለስ ገበያ ያለሁበት ድረስ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ታንከሩ ከቀትሩ ሶላት ከዙህር በኋላ ባዶ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚታጠቡበት ውሃ በሰው ትከሻ እየወጣ ነው» አለኝ።

«በማን ትከሻ?»

«አልናገርም ብዬ ቃል ገብቻለሁ። አትጠይቂኝ። ውሃውን ላስቆመው ነው።»

እኔ አበድኩ። ደንበኛ ፊት ጮህኩ። «ሦስት ሳምንት ብቻ እኮ ነው የቀረው! ኮሚቴው አይቶ ይሂድና ያኔ ዝጋው!»

«በወራጅ ወንዝ ዳር እንኳ ሆናችሁ ስትታጠቡ አታባክኑ ተብለን ተምረናል። እኔ የሰውን ብክነት አጠጥቼ ያሳደግኩትን ሐላል ነው ብዬ ልሽጥ?»

«አንተ አልከፈትከው! የከፈቱት እነሱ ናቸው!»

«ወደ ማን ነው የሚፈሰው?» አለኝ።

 ስሸነፍ አመሌ ይብሳል። «እንግዲያው መኪና ማቆሚያው ሲከፈት ዘበኛ ሁን!» አልኩት። ዞሮ ሄደ። ሦስት ቀን አላነጋገርኩትም፤ ሳጥኑን ተቀብዬው እሄዳለሁ እንጂ ሰላም አልለውም።

በጁምዓ ኢማሙን አስፈቅዶ ከሰው ፊት ቆመ። እኔ ከሴቶቹ በኩል ድምፁን ብቻ እሰማለሁ። ሰው ፊት መናገር አይሆንለትም። «ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ አላህ ይስጥልኝ። ማሳው ጠጥቷል። ከዛሬ ጀምሮ ግን የምትፈልጉትን ያህል ብቻ ክፈቱ፤ የእኔ ድርሻ ከክንዳችሁ የሚወርደው ብቻ ነው» አለ።

 ከዚያ የሻለቃው ድምፅ መጣ፦ «አንተ ሰው፣ ሰደቃዬን ልትከለክለኝ ነው?» መስጂዱ በሳቅ ሞላ፤ ሴቶቹም ሳቁ። ወንድሜ ግን ቅዳሜ ጠዋት መፍቻውን ይዞ መጣና በሃያ አራቱም ቧንቧዎች ውስጥ ቀዳዳቸው የጠበበ የጎማ ቀለበቶች ከተተ። ቢከፍቱትም ከዚያ በላይ አይመጣም። ሻለቃው አኮረፉት።

ውሃው ከሩብ በታች ወረደ። ለሁሉ አይዳረስም፤ መምረጥ ግድ ሆነ። ወንድሜ አፋቸው የጠበበ ያልተቀቡ የሸክላ ማሰሮዎች ገዝቶ በችግኞቹና በቃሪያው መሃል እስከ አንገታቸው ቀበራቸው። ውሃ ይሞላቸዋል፤ በሸክላው እየሰረገ ሥሩ ዘንድ ይደርሳል። ላዩን ገለባ አለበሰው። ለቲማቲሙ የተረፈ አልነበረም። የቀላውን ለቅሞ ለየቲሞቹ ቤት አደረሰ፤ ያልቀላው ግንዱ ላይ ቀረ። በአሥር ቀን ቅጠሉ ተጨማተረ። አንድ ከሰዓት መጥቼ ቆሜ አየሁትና አለቀስኩ። እሱ ገለባ እያለበሰ ነበር። «አንቺ፣ እንባሽን ወደዚህ፣ ማሰሮው ጎድሎኛል» አለኝ። እያለቀስኩ ሳቅሁ። ኩርፊያችንም በዚያው አለቀ።

ኮሚቴው የሚመጣበት ቀን ደረሰ። እኔ ዘዴ አስቤያለሁ። ማሳው በኋላ በኩል አንዲት ትንሽ በር አለችው፤ ቁልፉን ከመስጂዱ ጽዳት ሠራተኛ ተውሻለሁ። በዚያ ቢገቡ ችግኞቹ ጋ ይደርሳሉ፤ አረንጓዴ ነው። ቀጥሎ ቃሪያው፤ አረንጓዴ ነው። እዚያው ቆመው ሁለት ሦስት ጥያቄ ጠይቀው ቢወጡ ቲማቲሙን ማን ያየዋል?

ቁልፉን ሳሳየው ራሱን ነቀነቀ። «በፊት ለፊት ነው የሚገቡት።»

«ጋሼ፣ በአላህ ይሁንብህ!»

«የተበላሸው ከላይ» አለኝ። በእጄ አካፋ ቢኖር ኖሮ እኔና እሱ ዛሬ በሰላም አንተያይም ነበር።

አምስት ሆነው መጡ፤ ሲሚንቶ ነጋዴው ከፊት፣ ኢማሙ ከመሃል። ከኋላቸው በዱላ እየተደገፉ የመስጂዱን አዛን የሚያሰሙት ሙአዚኑ ነበሩ። ሙአዚኑ ከሰባ ያለፉ፣ የኮሚቴ አባል ያልሆኑ፣ ከአዛን በቀር ድምፃቸው ብዙ የማይሰማ ሰው ናቸው። ሲሚንቶ ነጋዴው በሩን እንዳለፉ ከደረቀው ቲማቲም ፊት ቆሙ። አንዱን ግንድ ሲነኩት ቀሽ ብሎ ተሰበረ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቲማቲም ነበር፣ ሀጂ» አለ ወንድሜ።

«ከወር በፊት ሳየው ጫካ አልነበረም እንዴ? ለምን ደረቀ?»

«ውሃ አነሰው።»

«ውሃውንስ ያሳነሰው ማን ነው? ቧንቧውን ያጠበብከው አንተ አይደለህም?»

«ነኝ።»

ሲሚንቶ ነጋዴው ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። «ሰው በእጁ ሲሰጠው እምቢ ያለ ገበሬ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስምምነታችንን ታስታውሳላችሁ። ደርቆ ካገኘነው ተብሏል።»  የወንድሜ ሚስት ክንዴን ጨምቃ ያዘችኝ። ወንድሜ እጁን አጣምሮ ቆሟል፤ አንድ ቃል ቢናገር ይተርፋል። የገባውን ቃል ግን አያፈርስም።

ያኔ ሙአዚኑ ወደ ፊት መጡ።

«ይሄ መደብ የደረቀው የእኔ ትከሻ ስላረፈ ነው» አሉ።

ሁሉም ዞረው አዩዋቸው። እሳቸው የተሰበረውን ግንድ እያዩ ቀጠሉ። ታንከሩ ሲያልቅ፣ ሰው ሰደቃው እንዳይቋረጥበት፣ ቲማቲሟም እንዳትጠማ ብለው ከጎረቤቱ ጋራዥ በጀሪካን እየቀዱ ሠላሳ አንድ ደረጃ ሲያወጡ ሦስት ሳምንት ሆኗቸው ነበር። በቀን ስምንት ጀሪካን። ቀኝ ትከሻቸው ስላመማቸው በግራው። «ይሄ ልጅ ደረጃው ላይ አገኘኝና ጀሪካኑን ከላዬ ነጠቀኝ። ‹ለምን አልነገሩኝም አባባ?› አለኝ። ‹ከነገርኩህማ ትዘጋዋለህ፤ አውቅሃለሁ› አልኩት። ለማንም እንዳይናገር አስማልኩት። እሱ ቃሉን ጠበቀ። እኔ ግን ይሄን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።»

 እኔ ያን ቀን ከልብስ ሰፊዋ ጎን በደስታ የከፈትኩት ቧንቧ ትዝ አለኝ፤ ውሃው በማን ትከሻ እንደወጣ አሁን አወቅኩ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለካ የእኔ ብቻ አይደለም። ሲሚንቶ ነጋዴው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔም ሳልዘጋው እሄድ ነበር» አሉ።

ከዚያ «ሌላውን አሳየኝ» አሉ። ቃሪያውን አልፈው ችግኞቹ ጋ ደረሱ። አራት መቶ፣ አንድ አልጎደለም። ሰውዬው ሱሪያቸውን ሳብ አድርገው ተቀመጡና ገለባውን ገልጠው እጃቸውን አፈሩ ውስጥ ሰደዱ። ሲያወጡት ጣቶቻቸው ጠቁረው ነበር።

«ከክንድ በሚወርደው ብቻ ነው?»

«በእሱ ብቻ ነው፣ ሀጂ።»

ተነስተው ጭቃ የነካው እጃቸውን ለኮሚቴው ከፍ አድርገው አሳዩ። «ደርቆ ካገኘነው ነበር ያልነው» አሉ። «እርጥብ ነው።»

ማሳው ይቀጥል የሚለው ጽሑፍ በሚቀጥለው ሳምንት ተፈረመ፤ ለአሥር ዓመት። ሻለቃው የመጀመሪያው ምስክር ሆነው ፈረሙና ወንድሜን «አሁን ታርቀናል፤ ግን ያቺን ጎማ በትንሹ ሰፋ አድርጋት» አሉት። አላሰፋትም።

ዝናብ ሲገባ ችግኙ ተሸጠ፤ አንድ ሎሚ ግን ቀረ። ሙአዚኑ ቲማቲሙ በሞተበት መደብ ላይ ይተከል ብለው ያስቀሩት ነው። «ሎሚ እስኪያፈራ ዓመታት ይፈጃል፣ አባባ» አላቸው ወንድሜ። «መቼ ልበላው አልኩ?» አሉት። ጉድጓዱን በግራ እጃቸው ቆፈሩ፤ እንዲያግዛቸው አልፈቀዱለትም።

እኔ አሁን ገበያ ላይ ማንም ሳያዘኝ የተሰነጠቀውን ከላይ አደርጋለሁ። ከሰዓት ስመለስ ብዙ ጊዜ ሙአዚኑን አገኛቸዋለሁ። ከቀጭኗ ቧንቧ ታጥበው፣ አጥብቀው ዘግተው፣ አጥሩን ተደግፈው ውሃቸው ሎሚዋ ጋ እስኪደርስ ይጠብቃሉ። ሲደርስ አይተው አዛን ሊያደርጉ ይሄዳሉ።